ለድንኳን ባለጸጋ፣ ለልጅ ድሃ

ቤተሰብ ይዞ ሽርሽር መውጣት ብክነት ነው የሚለው ወሬ አንገፍግፎኛል። እኛ ራያ ቆቦ ላይ "ልጆቼን ይዤ ላሊበላ ልሄድ ነው" ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ወዮለት! "ገንዘብ በዛበት" ይሉታል። "ፈረንጅ ሆነ" ይሉታል። እኔንም ብለውኛል። ያሉኝ እነማን ናቸው? ጥር ላይ ልጃቸውን ሲድሩ በሬ ሸጠው፣ በዚያም ላይ ተበድረው አገሩን ሁሉ ያበሉ ሰዎች።

እስቲ እንተሳሰብ። ማሽላውና ጤፉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚያወጣው ዋጋው ይወርዳል። ጥር የሠርግ ወር ነውና በወረደው ዋጋ ሸጠን እንደግሳለን። ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ያንኑ እህል በውድ መልሰን እንገዛለን። ይሄ ብክነት አይባልም። ይሄ ወግ ነው፣ ማዕረግ ነው! ተዝካሩስ? ለሞተው ሰው በሬ ይወድቃል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ግን የሐሸንጌን ሐይቅ እንኳ ወስዶ ያሳየው አልነበረም።

ሐሸንጌ ሩቅ ነው? አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ኮረም አጠገብ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተዋጋው ሠራዊታችን ሲያፈገፍግ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ያዘነበበት ሐይቅ ነው። ልጆቻችን ጦርነቱን ለፈተና ይሸመድዳሉ፤ ውኃውን አላዩትም። ላሊበላስ? ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣለታል። ለእኛ በወልድያና በጋሸና በኩል የአንድ ቀን መንገድ ነው። ባሕር የተሻገረው ዳስሶት ይመለሳል፤ የቆቦ ልጅ በቴሌቪዥን ያየዋል። አያሳፍርም?

"አቅም የለንም" ትሉኛላችሁ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውን አልነካም፤ እሱን መውቀስ ነውር ነው። የምናገረው ድንኳን ሲተከል አቅም ከየትም ለሚመጣለት ነው። ዕቁብ ትጥሉ የለም? ዕጣው ሲደርሳችሁ ወዴት ይሄዳል? ለመንገድ የሚሆን ሌላ ትንሽ ዕቁብ መጀመር ማን ከለከላችሁ? "ብር ይረክሳል" ካላችሁ ልክ ናችሁ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ሣጥን ውስጥ የተኛ ገንዘብ ምን እንደሚሆን አይተናል። ታዲያ ራያ የሚቆጥበው በብር ብቻ ነው እንዴ? አንዲት የፍየል ግልገል ግዙ። ልጆቹ ይጠብቋት። በዓል ሲመጣና ዋጋ ሲወጣ ሽጧት። ለመንገዱ ፍየል የጠበቀ ልጅ ቁጠባን ማንም ባይሰብከው ያውቀዋል።

ሒሳቡም የሚያስጨንቅ አይደለም። የመሄጃና የመመለሻ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ በላዩ ላይ ለመኪና ብልሽትና ለሕመም የሚሆን መጠባበቂያ። መጠባበቂያው ካልሞላ ጉዞው ይቆይ። በሶና ቆሎ ከቤት ይያዝ። ደግሞስ ላሊበላ ለምን የግድ በገና ዋዜማ? ያን ጊዜ መኪናው ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፤ የአልጋው ዋጋ ጣሪያ ይነካል። የልጆቹን የትምህርት እረፍት ጠብቆ መሄድ ምን ያጎድላል? ዐለቱ እንደሆነ የትም አይሄድ! በብድር ግን አትሂዱ። በብድር የተሄደ ሽርሽር የዚያው ሠርግ ታናሽ ወንድም ነው።

"መንገዱስ?" ለምትሉኝ፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ቆቦ በ2013ም በ2014ም ጦርነት ደጇን አልፎ ጓዳዋ የገባባት ከተማ ናት። መንገዱ ክፉ ሲሆን ማንም ልጁን ይዞ አይውጣ፤ የተቆጠበው ይቆያል። ግን ሰላም ሲሆንስ? ያኔ ምን ምክንያት ልታመጡ ነው?

እውነቱን ላውጣው። የምንፈራው ወጪውን አይደለም፤ የሰው አፍ ነው። ብዙ ያበላ ይወራለታል፤ ልጁን አገር ያሳየ አባትን ግን ማንም በበጎ አያነሣውም። ላበላውስ ለስንት ጊዜ ነው የሚወራለት? እስከሚቀጥለው ሠርግ! አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ከበሉት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አብሯችሁ ቆሞ ያውቃል? ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየጓዳችሁ ታወሩታላችሁ። አደባባይ ላይ ስትወጡ ትውጡታላችሁ።

ዘንድሮ ከድግሱ አንድ በሬ ቀንሱ። የቀነሳችሁትን ለልጆቻችሁ መንገድ አውሉት። "ሥጋው አነሰ" ብሎ የሚያማችሁ ይማችሁ፤ ዕዳችሁን የሚከፍለው እሱ አይደለም።