ደጀን በደብተር ውስጥ

በመሳቢያዬ ውስጥ አንዲት ደብተር አለች። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ ራስ ደጀን አናት ላይ የሚደርስ የሰባት ቀን የእግር መንገድ ሰፍሮባታል። መንገዱን ገና አልሄድኩትም። ቢሆንም ስለ እርሱ ከአንድ ወዳጄ ጋር እነሆ ዓመታት ተሟግቻለሁ።

ወዳጄ ባሕር ማዶ ነው የሚኖረው፤ ዕረፍቱ አጭር ነው። «እስከ ጨነቅ መኪና ይገባል፤ ሦስት ቀን ይበቃናል» ይላል። እኔ ግን አይበቃም ባይ ነኝ። ጨነቅ ከ3600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በመኪና ተጭኖ በአንድ ጀምበር እዚያ የደረሰ ሰው በማግስቱ ራሱን ይዞ ሲያስታውክ ቢውል አይደንቀኝም። ደም ቀጭኑን አየር የሚለምደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም።

ደግሞስ ካርታ ይዋሻል። ከቧሂት እስከ ደጀን በወረቀቱ ላይ ሁለት ጣት አይሞላም። እግር ግን ከ4200 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ መሸሃ ወንዝን ይሻገራል፤ ሽቅብ ተመልሶም ከ4500 ሜትር በላይ ይወጣል። የወጣኸውን ሁሉ አውርዶ እንደገና የሚያስጀምር ተራራ ነው። (ስሙንም «ዳሽን» እያልን በጠርሙስና በባንክ ላይ ጻፍነው። እኔ «ደጀን» ማለቱን አልተውኩም፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ጆሮ አይተወውምና።)

ስለዚህ በደብተሬ ብዙውን ገጽ የያዘው ስንቅ ነው፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ለበቅሎ ነጂውና ለጠባቂው የሚሆን ብርድ ልብስ። የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ውኃ ያረጋል። እንግዳው በላባ ከረጢት ተጠቅልሎ አብሮት የወጣው ሰው በነጠላ ጋቢ የሚያድርበትን ጉዞ ጉዞ አልለውም።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ሲቀሰቀስ ደብተሯ ተዘጋች። ወዳጄ «ስካውቱ መሣሪያ ይይዛል፤ ምን አስፈራህ?» ሲል ጻፈልኝ። ያ ጠመንጃ ለሌላ ዘመን ነበር። ባለበቅሎው ወደ ገበያ ለመውጣት በሚያመነታበት አገር እኔ ለዕይታ ብዬ ምን እግር አለኝ? ከእኔ መቅረት የእርሱ ኪሳራ እንደሚብስ አውቃለሁ፤ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ዘንድሮም መስከረም ሲጠባ ከፈትኳት። ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ከሰባቱ ቀን ላይ አንድ ጨመርኩ። የመነሻውን ቀን ሰረዝኩት፤ በሶውን ግን አልሰረዝኩም።