ክረምቱ አልወጣ ሲል፦ የደጃችን አበባና ሶብራችን

 

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቢዘንብ የሚደነቅ የለም፤ ወሩ ነውና። የሚያሳስበው መስከረም ተጋምሶ፣ አንዳንዴም ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ እንደ ጠቆረ ሲቀር ነው። ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ በመሞቁ በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናብ መጣሉ ይታወሳል። እንዲህ ባለው ዓመት ገበሬው የደረሰ እህሉ እንዳይበሰብስበት ይጨነቃል። በከተማም ልብስ አልደርቅ ይላል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ በሰኔ በደስታ የተተከለው አበባም ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ «ይህ የተረገመ ክረምት!» የሚል ቃል ከአንደበታችን ያመልጣል።

እዚህ ላይ ቆም ልንል ይገባል። ጊዜን መስደብና ነፋስን መርገም በሐዲስ የተከለከለ ነው። ዝናብ የአላህ (ሱ.ወ.) ራህመት ነው። ይሁን እንጂ ራህመት ሲበዛ ሊከብደን እንደሚችል ዲናችን አይክድም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ያወሩትንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጁሙዓ ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ ሰው ገብቶ ድርቁ ከብቱን እንደጨረሰ ነግሯቸው ዱዓ እንዲያደርጉ ጠየቀ። እጃቸውን አንስተው ለመኑ፤ ዝናቡም ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ደግሞ ንብረት መጥፋቱንና መንገድ መቋረጡን የሚናገር ሰው መጣ። ያን ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናቡን አልረገሙም፤ ጨርሶ ይጥፋ ብለውም አልለመኑም። ከከተማይቱ ላይ ተነሥቶ በዙሪያዋ፣ በኮረብታውና በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበትም ሥፍራ እንዲሆን ነው የለመኑት።

ውድ አንባቢያን፤ ከዚህ ሐዲስ ብዙ ትምህርት ይወሰዳል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚበጀን አንዱ ነው፦ ውኃው ከሚጎዳበት ተነሥቶ ወደሚጠቅምበት እንዲሄድ መፈለግ። ዱዓው በአንደበታችን ይሁን፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ዶማ እናንሣ። ሶብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለምና።

«የኑሮው ጉዳይ ሲያስጨንቀን ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሙስሊም ከተከለው ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። አበባ ደግሞ የንብ ቀለብ ነው። የአገራችን ዋነኛ የማር ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከዚህም ሌላ መልካም ሽታ ያለው ሪሓን በአር-ረሕማን ምዕራፍ ከአላህ ጸጋዎች መካከል ተወስቷል፤ ሪሓን የተሰጠው ሰው እንዳይመልስም በሐዲስ ተመክሯል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ባዶ የዘይት ጣሳና ከጎረቤት የተለመነች አንዲት ቅርንጫፍ ይበቃሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ብዙዎቻችን የምንስተው የመጀመሪያው ነገር ሥርም እንደሚተነፍስ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ውኃ ሲሞላው አየር ያጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል። እኛም የጠማው መስሎን ሌላ ውኃ እንጨምርለታለን፤ ይብስበታል። ስለዚህ የጠወለገ ተክል ባያችሁ ጊዜ ባልዲ ከማንሣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ርጥብ ከሆነ የሚያስፈልገው ውኃ ሳይሆን አየር ነው።

እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ ሜዳማ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በተለይ ያስቸግራል። ሲርስ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈራችሁን ለመፈተን አንድ ስንዝር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። በማግሥቱም ውኃው ካልጠለቀ አበባው መሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ መደብ ላይ መተከል አለበት። አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ፣ በመደቡ ዙሪያም ቦይ ማውጣት ይበቃል። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ አፈሩን እየቦረቦረ ሥሩን ያራቁታልና አሸንዳ የሌለው ቤት አበባውን ከጠፈጠፉ ሥር አርቆ ይትከል።

በጣሳና በባልዲ የተተከለ አበባ ከታች ሦስት አራት ቀዳዳ በምስማር ይበሳለት፤ ከሥሩም ሁለት ድንጋይ ይደረግለት። ሥሩ ሳህን ከተደረገ ውኃው ይደፋ። ይህ በተለይ ሞቃት አካባቢ ላላችሁ የጤናም ጉዳይ ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ሆኖ የታየውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትፈለፈላለችና።

ጽጌረዳ ያላችሁ ቅጠሉ ላይ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ እየወጣ፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ አይታችሁ ይሆናል። ይህ በሻጋታ የሚመጣ በሽታ ነው። ሻጋታው ቅጠሉን ለመያዝ ሰባት ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ርጥበት ይፈልጋል። በመሆኑም መድኃኒቱ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። መሐል ለመሐል የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ነፋስ ይግባበት። የረገፈውንም ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢው አውጡት፤ ሥሩ ከተተወ ዝናቡ ሲፈናጠር በሽታውን መልሶ ወደ ላይ ያነሣዋል። መቀሱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመውሰዳችሁ በፊት በበረኪና ውኃ አጽዱት።

የጥብስ ቅጠልና ሬት ርጥብ እግር አይወዱም፤ በጣሳ ከሆኑ ከጣሪያ ሥር አስገቧቸው። ጄራንየም ቆርጣችሁ ልትተክሉ ብታስቡ የተቆረጠው ጫፍ አንድ ቀን ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ወዲያው ርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ሌሊት እየወጣ ቡቃያ የሚበላውን ቀንድ አውጣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ በባትሪ መብራት እየፈለጉ በእጅ መልቀም ይቻላል፤ ዶሮ ያለው ሰው ቀለብ አገኘ ማለት ነው።

ዝናብ ናይትሮጅን የተባለውን ምግብ ከአፈር ውስጥ አጥቦ ስለሚወስድ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ቢሆን አያስገርምም። ነገር ግን አፈሩ እንደ ጨቀየ ፍግ መከመር ትርፉ ድካም ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል በደንብ የበሰበሰ ፍግ አንድ ሁለት እፍኝ በሥሩ ዙሪያ ይበቃዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነጥብ እንምጣ። ከግቢያችን ያስወጣነው ውኃ የት ሄደ? ቦያችንን ወደ ጎረቤት አጥር አዙረን ከሆነ፣ የእኛ ጽጌረዳ ድኖ የአንዲት ባልቴት የጭቃ ግድግዳ ቢርስ፣ ምን አተረፍን? ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ጎረቤታችን ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ሐቁ ሐቅ ነው። ስለዚህ ቦይ ከመቆፈራችን በፊት በሩን አንኳኩተን «ውኃውን በየት እናውጣው?» ብለን እንማከር። የሰፈሩ ቦይ በፌስታልና በቆሻሻ ተደፍኖ ከሆነም፣ እናንት ወጣቶች፣ ጁሙዓን ጠብቃችሁ መንግሥትን ከማማት ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዛችሁ ውጡ። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ የኢማን አንዱ ቅርንጫፍ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ዝናቡ ሲያቆምም ሥራው አላለቀም። በጨቀየ አፈር የኖረ ሥር ወደ ጥልቁ ስለማይወርድ ድንገተኛ ፀሐይ ሲመጣ ተክሉ ቶሎ ይጠማል፤ በሥሩ ዙሪያ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይነስነስለት፣ ጠዋት ጠዋትም ይጠጣ። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የምድሩ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይወጣና በደጋው አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል። ለጋውን ተክል ማታ በጆንያ ሸፍኑት፤ ሲነጋ ግለጡት።

እናትና አባት ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ለልጆቻችሁ ድርሻቸውን ስጧቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣሳ ይሁንለት፤ የሚሞትበትም ይኑር፣ የሚያብብለትም ይኑር። የሞተበት ልጅ ሲያለቅስ «ተወው፣ አበባ ነው» አትበሉት። ሥሩን ነቅላችሁ አብራችሁ እዩ፤ ለምን እንደሞተ አስረዱት፤ ከዚያም ሌላ ቅርንጫፍ እጁ ላይ አኑሩለት። በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው ቂያማ ቢደርስበት እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዝዘዋል። ቂያማ ያላስቆመውን ሥራ የጥቅምት ዝናብ ሊያስቆመው አይገባም።

አላህ (ሱ.ወ.) ዝናቡን የሚጠቅም ያድርግልን፤ ከሚጎዳበትም ያንሣልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።