ፋሻ የሌለው ቁስል ቁስል አይደለምን?

እግሩ የተሰበረ ተማሪ በክራንች ተደግፎ ወደ ክፍል ሲገባ በር የሚከፍትለት፥ ደብተር የሚይዝለት፥ ወንበር የሚለቅለት አይጠፋም። ቢዘገይም መምህሩ አይቆጡትም። ራሱን ደጋግሞ የተመታ ተማሪ ግን ፋሻም ክራንችም ስለሌለው ስሙ «ሰነፍ» ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ተማሪ ነው።

ጓደኛችን የአቃቂ ልጅ ነው፤ ስሙን አናነሣም። እናቱ በፋብሪካ ደመወዝ ያስተማሩት ነው። በመጀመሪያ ኳስ ሜዳ ላይ ለቴስታ ሲዘል ከሌላው ተጫዋች ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። ውሃ አፍስሰን፥ «አይዞህ፥ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ብለን ወደ ሜዳ መለስነው። ይህን ያደረግነው ሌሎች ሳንሆን እኛው ነን። ወር ሳይሞላው በዚያው ሜዳ እንደገና ወደቀ። ሦስተኛው ጊዜ ደግሞ፥ የጭነት መኪና በሚተራመስበት በቃሊቲ መንገድ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ።

ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ምንም የለብህም» ተባለ። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ለመፈለግ ይረዳል እንጂ የአንጎል መናወጥን ብዙውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ሥዕሉ ንጹሕ ነው ማለት ልጁ ድኗል ማለት አይደለም። ከክፍል ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ራሱን ያመዋል፤ ብርሃን ይወጋዋል፤ ያነበበውን ገጽ ሲጨርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ቢሮ ሄዶ ችግሩን ሲያስረዳ የተሰጠው መልስ፥ «ወይ እንደ ሰው ሙሉውን ኮርስ ይዘህ ተፈተን፥ ወይ ዊዝድሮው ሞልተህ ውጣ» የሚል ነው።

ለመሆኑ በጤነኛና በተሰናባች መካከል ሌላ መንገድ የለምን? አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ሊቃውንት በ2023 ባሳተሙት ስምምነት፥ ለቀናት ጨለማ ቤት መተኛት እንደማይበጅ፥ ነገር ግን ለአንድና ለሁለት ቀን ሥራን ቀለል አድርጎ ከዚያ ወደ ትምህርት ደረጃ በደረጃ መመለስ እንደሚገባ አስታውቀዋል። ሙሉ በሙሉ ወደ ትምህርቱ ሳይመለስ ወደ ሙሉ ውድድር መመለስም የለም። ብዙው ሰው ቶሎ ይድናል፤ ደጋግሞ የተመታው ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል። የኳስ ሕግ አውጪዎች እንኳ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውድድሮች ራሱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሬ መፍቀድ እንዲችሉ በሕጋቸው አስገብተዋል። ኳስ የተማረውን ኮሌጅ ሳይማር ቢቀር አያሳፍርምን?

«ይህ ለሰነፎች በር ይከፍታል» የሚሉን አሉ። የምንጠይቀው የነፃ ማርክ አይደለም። ትምህርቱም ያው፥ ፈተናውም ያው ነው፤ የሚለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ማስረጃውም የተማሪው ቃል ብቻ ሳይሆን የሐኪም ወረቀት ነው። አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለዋል፤ ያልጠና ራስ ላይ የአምስት ኮርስ ሸክም መጫን ከዚህ በምን ይለያል?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ ሐኪም ያዘዘለት ተማሪ በሁለት ወይም በሦስት ኮርስ ይመለስ፤ ሲሻለው ይጨመርለት።

2ኛ/ በክፍልም በፈተናም መካከል ዕረፍት፥ ለፈተናም ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው፤ ታሞ ያለፈውን ፈተና በኋላ ይውሰድ።

3ኛ/ ዊዝድሮው የመጨረሻው መንገድ እንጂ የመጀመሪያው አይሁን።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ መመሪያና የሚፈርም እጅ ነው።

ለራሳችንም እንናገር። ራሱን የተመታ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ካፒቴኑም ቢለምን፥ ራሱ ተጫዋቹም ቢምል። ካስታወከው፥ ራስ ምታቱ ከባሰበት፥ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አይተው። ጓደኛችን ክፍል ሲቀር ደግሞ ስሙን በማጥፋት ፈንታ ኖት እንገልብጥለት፤ እያነበብንም እናሰማው።

ያ የአቃቂ ልጅ ፎርሙን እስካሁን አልሞላም። እናቱ «ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል» እያሉ ለጎረቤት ይናገራሉ። ማኅበራችን ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ አስይዞ በጽሑፍ ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ፥ መልሱንም በዚህ ወረቀት እንዲያስነብበን እንጠይቃለን። መልስ ካልመጣም ያልመጣ መሆኑ ይጻፍ።