ጥፋቱ የበሽተኛው ብቻ ነውን?

በአውሮፓ ከተሞች ወደ ሐኪም ቤት ጎራ ያለ ተማሪ ሁሉ ተራውን ሲጠብቅ ፊት ለፊቱ የሚያነበው ነገር አለ፤ ይኸውም በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ምክር ነው። አታጭስ፤ መጠጥ ቀንስ፤ ጨውና ስብ አታብዛ፤ በእግርህ ሂድ ይላል። ምክሩ እውነት ነውና ከምክሩ ጋር ጠብ የለንም። ነገር ግን ከመካከላችን የጤና ትምህርት የሚከታተሉት ወንድሞችና እኅቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከአውሮፓ ይዘው የሚገቡት ዕውቀት ይህ የግድግዳ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን እንሠጋለን። ወረቀቱ የሚናገረው የነገሩን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ በጥናት መጽሔቶች ውስጥ ታትሞ ተቀምጧል እንጂ ግድግዳ ላይ አልወጣም።

ያ ያልተለጠፈው ግማሽ እንዲህ ይላል፤ ሰው ለበሽታ የሚያጋልጠውን ልማድ የሚመርጠው ብቻውን አይደለም፤ የዕቃው ዋጋ፥ ማስታወቂያው፥ የአገሩ ሕግ፥ የሚሠራው ሥራና በሥራው ላይ ያለው ማዕርግ አብረው ይመርጡለታል። ይህን የምንለው በፖለቲካ ስሜት ተነሣሥተን ነው የሚለን አይጠፋም። ስለዚህ ምስክሮቻችንን ከአውሮፓ ሐኪሞች መካከል እንጠራለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከትምባሆ እንጀምር። በ1950 ዓ.ም. ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በለንደን ሐኪም ቤቶች የተኙ 709 የሳንባ ካንሰር በሽተኞችን ከሌሎች 709 በሽተኞች ጋር አስተያይተው፥ የሳንባ ካንሰር መብዛት ከሲጋራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳወቁ። ሥራውን ሲጀምሩ የጠረጠሩት የመኪና ጢስንና የመንገድ ሬንጅን ነበር። ዶል ራሳቸው ያጨሱ ነበርና ውጤቱን ባዩ ጊዜ ተዉ። ቀጥሎም በ1951 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሐኪሞች ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ከሰጡት መካከል ከ34,000 የሚበልጡ ወንዶች ሐኪሞችን ኑሮና ሞት ለ50 ዓመታት ተከታተሉ። በ2004 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ሲጋራ ሳያቋርጥ ያጨሰ ሰው ካላጨሰው በ10 ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል፤ በ30 ዓመቱ የተወ ግን እነዚያን 10 ዓመታት ሊያተርፋቸው ይችላል፤ በ50 ዓመቱ የተወ 6 ዓመት ያህል ያተርፋል።

እንግዲህ ማስረጃው በ1950 ዓ.ም. ታትሟል። የእንግሊዝ መንግሥት የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያስወጣው በ1965 ነው። በእንግላንድ የሥራ ቦታና የመጠጥ ቤት ከጢስ ነጻ የሆነው በ2007 ነው። በመካከሉ 57 ዓመታት አለፉ! የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ከውቅያኖሱ ማዶ በዋሽንግተን የተቀመጠው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2006 ዓ.ም. ባስተላለፈው ፍርድ፥ ታላላቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች ስለ ማጨስ ጉዳት ሕዝብን ለዐሥርታት ዓመታት ማታለላቸውን አረጋግጧል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ አጫሹ «ራስህን ግዛ» እየተባለ ሲመከር ኖረ፤ የሚያታልለውን የገዛው ግን አልነበረም።

ደግሞም ማን ቀድሞ እንደተወ መመልከት ይገባል። በእንግሊዝ አገር በ1950ዎቹ ዓመታት ሲጋራ የሀብታምም የድኻም ልማድ ነበር። ማስረጃው ከወጣ በኋላ ሐኪሞቹና ሹማምንቱ እየተዉ ሄዱ፤ ዛሬ በዚያ አገር ሲጋራ ይልቁንም በጉልበቱ በሚያድረው ሠራተኛ እጅ ቀርቷል። የግድግዳው ወረቀት ለሁለቱም እኩል ተለጥፎ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ መልስ የሰጠው በለንደን ዋይትሆል በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር የተደረገው ምርመራ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንቈይበት። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ከ17,000 በላይ የሆኑ ወንዶች የመንግሥት ሠራተኞች ተመረመሩ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ልብ እንበል። ማዕድን ቈፋሪ የለባቸውም፤ ሥራ ፈትም የለባቸውም፤ ሁሉም በቢሮ የሚውሉ ደመወዝተኞች ናቸው፤ በአንድ ከተማ ይሠራሉ፤ ቢታመሙም በአገሩ የጤና አገልግሎት ያለ ክፍያ ይታከማሉ። በነዚህ መካከል የሞት ልዩነት ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ቢኖር፥ በጭንቀት ብዛት ልቡ የሚታመመው አለቃው ነው ይል ነበር። በ1978 ዓ.ም. ማይክል ማርሞት፥ ጀፍሪ ሮዝና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ውጤት ግን ተቃራኒውን አሳየ። በዝቅተኛው ማዕርግ ያሉት፥ ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች የሚገኙባቸው፥ በልብ ሕመም የሞቱት ከከፍተኞቹ ሹማምንት 3.6 እጥፍ ነበር።

ታዲያ ተላላኪው ይበልጥ ያጨስ አልነበረምን? አዎን፤ ያጨስ ነበር። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ሲጋራውን፥ የደም ግፊቱን፥ በደሙ ያለውን ስብና ሌላውንም አስልተው ካወጡ በኋላ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል እዚያው እንዳለ ቀረ። ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ ሰዎች እንኳ እንደ ማዕርጋቸው ተለያይተው ሞቱ። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ልዩነቱ በላይኛውና በታችኛው መካከል ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ነገሩ እንደ ደረጃ ነው። ከላይ ሁለተኛ የሆነው ከአንደኛው፥ ሦስተኛው ከሁለተኛው የባሰ ሆኖ ተገኘ። በ1985 ዓ.ም. ሴቶችም የገቡበት ሁለተኛ ጥናት በ10,308 ሠራተኞች ላይ ተጀመረ፤ በዚህም፥ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው፥ ሲታዘዝ ብቻ የሚውል ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ታየ። በቢሮ በር ላይ ቆሞ «አቤት ጌታዬ» ሲል የሚውለውን ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ ለምናውቀው ለኛ ይህ ጥናት የእንግሊዝ ወሬ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። የሎሌነት ኑሮ ልብን እንደሚያቈስል አባቶቻችን በምሳሌ ይናገሩት ነበር፤ የዋይትሆል ሐኪሞች በቍጥር ጻፉት።

ሕግም ራሱ በሽታ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። በ1980ዎቹ ዓመታት በስኮትላንድ ከተማ በኤድንብራ ሄሮይን በመርፌ የሚወስዱ ወጣቶች በዙ። ሹማምንቱ ነገሩን በጥብቅ እንቈጣጠር ብለው የመርፌ ሽያጭን አጠበቡ፤ ፖሊስም መርፌ ይወስድ ጀመር። ወጣቶቹ ሄሮይኑን አልተዉም፤ አንዱን መርፌ ለብዙ ተጠቀሙበት እንጂ። በ1986 ዓ.ም. በአንድ የከተማው ሐኪም ቤት ከተመረመሩት ሄሮይን ተጠቃሚዎች መካከል ግማሽ የሚሆኑት የኤድስ ቫይረስ ተገኘባቸው። በቅርብ ባለችው በግላስጎው ሄሮይን ሞልቶ ሳለ በሽታው እጅግ ያነሰ ነበር። ልማዱ አንድ ሆኖ ዕጣው ተለያየ። ንጹሕ መርፌ በነጻ ማደል በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ሥራ ላይ የዋለው እንዲህ ያለው ነገር ከታየ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ የያዙትም አሉ። የፊንላንድ ምሥራቃዊ አውራጃ ሰሜን ካሬልያ በወንዶቹ በልብ ሕመም መሞት በዓለም የታወቀች ነበረች፤ በ1971 ዓ.ም. የአውራጃው ተወካዮች ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡ፤ በ1972 ሥራው ተጀመረ። ኀላፊው ፔካ ፑስካ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣት ነበሩ (ከአንባቢዎቻችን የብዙዎቹ ዕድሜ መሆኑን እንጠቅሳለን)። የቤት እመቤቶቹ ማኅበር ቅቤ ያነሰበትን ወጥ አሠራር በየመንደሩ አስተማረ፤ የቋሊማ ፋብሪካዎች ስቡን ቀነሱ፤ የወተት ላም አርቢው እንጆሪ የመሳሰለ ፍሬ ወደ ማልማት እንዲዞር ተረዳ። ገበሬው ቅቤ ሸጦ የሚያድር ሆኖ ሳለ «ቅቤ ገዳይ ነው» ቢሉት መቼ ይሰማል? እንጀራው ሲታሰብለት ግን ሰማ። ለሥራ በደረሱ ወንዶች መካከል በልብ ሕመም የሚመጣው ሞት በ40 ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ስኮትላንድም የመጠጥ ዝቅተኛ ዋጋ በሕግ ለመወሰን በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ስታወጣ የውስኪ ነጋዴዎች ማኅበር ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት አመላልሶ እስከ 2017 አቈያት፤ ሕጉ በ2018 ሥራ ላይ ውሎ፥ በ2023 ዓ.ም. በታተመው ጥናት በመጠጥ ብቻ የሚመጣው ሞት 13 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተገመተ።

አሁን በአውሮፓ ወዳለው ወደ ገዛ ሰፈራችን እንምጣ። ጫት በለንደን ለብዙ ዓመታት በሕግ ሳይከለከል ከኬንያና ከኢትዮጵያ በአይሮፕላን እየገባ ይሸጥ ነበር፤ የሚቅሙትም ሶማሌዎች፥ የመኖችና የኛው ወገኖች ናቸው። የመንግሥቱ የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ጉባኤ በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ነገሩን መርምሮ፥ ጫትን በወንጀል ሕግ ለመከልከል የሚያበቃ የጉዳት ማስረጃ አላገኘሁም አለ። መንግሥት ግን የራሱን አማካሪዎች ቃል አልፎ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ከለከለው። ሆላንድ አስቀድማ በ2013 ከልክላ ነበር።

ይህን ስንል ጫትን ማመስገናችን አይደለም። ደመወዙን ለጫት ሰጥቶ የልጆቹን ራት የሚያሳጣ አባት፥ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ፈተናውን የሚወድቅ ተማሪ በመካከላችን መኖሩን እኛው እናውቃለን። የምንጠይቀው ሚዛኑን ነው። ማስረጃ ለሞላበት ለሲጋራ 57 ዓመት ታገሡ፤ አማካሪዎች ማስረጃ አልበቃም ላሉት ለጫት 17 ወር በቃ። የሲጋራው ባለቤት በገበያ የታወቀ አክሲዮን ያለው ኩባንያ ነው፤ የጫቱ ቃሚ ሥራ ያጣ፥ ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ስደተኛ ነው። ሥራ ያጣው ስለቃመ ነው ወይስ የሚቅመው ሥራ ስላጣ? አማካሪዎቹም ቢሆኑ አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ የጸና ማስረጃ አላገኙም። ጥያቄውን የሚመረምር ከገዛ ማኅበረሰባችን የወጣ ተማሪ ያስፈልጋል፤ የአማርኛና የሶማልኛ ቋንቋ የማያውቅ መጠይቅ ይዞ በር ቢያንኳኳ የሚያገኘው መልስ የሚታወቅ ነው።

ይህ ሁሉ በአገራችን ላይ የሚወድቅበት ቀን ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ያህል ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰው። የዚህ ኩባንያ የውጭ አገር ንግድ የሚመራው ከጄኔቫ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከተቀመጠባት ከተማ። ነጋዴ ሞኝ አይደለም። ከመቶ 5 ሰው ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰው ለአምስቱ ብሎ ነው ወይስ ለዘጠና አምስቱ?

ለእውነት መመስከር ስለሚገባ፥ አገራችን በ2014 ዓ.ም. የዓለም የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነትን ማጽደቋን፥ በ2019 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112ም በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ማጨስን፥ የትምባሆ ማስታወቂያን፥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት መሸጥን መከልከሉን፥ በፓኬቱም ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል ማዘዙን እንመሰክራለን። መጠጥም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጥቷል። ይህ አዋጅ እንግሊዝ በብዙ ዐሥርታት ያላወጣችው ነው። ነገር ግን አዋጅ ዐይን የለውም፤ የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። የሚቈጣጠረው ስንት ሰው ነው? ደመወዙስ ስንት ነው? ታክሱ ከዋጋው ስንት እጅ ነው? ፓኬቱን የሚያከፋፍለው ማን ነው? የተከለከለውን ማስታወቂያ በምን ዘዴ ያሾልኩታል?

ይህ ሥራ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የሕግ ተማሪዎች በስኮትላንድ የተካሄደውን ክርክር ከመዝገቡ አውጥተው በአማርኛ ቢጽፉልን፥ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ዋጋና ታክስን ቢመረምሩልን፥ የጤና ተማሪዎች የዋይትሆልን ጥናት መንገድ ተከትለው በአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ከዘበኛው እስከ ሚኒስትሩ የደም ግፊት ቢለኩ፥ ይህ መጽሔት ገጹን ይሰጣል። በአገር ቤት ያሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከኛ የቀረበ ጥያቄ በደጃቸው አለላቸው፤ ሲጋራ በፍሬ እየቈጠረ የሚሸጠው ሱቅ በደረቴ ልጅ በቀን ስንት ያተርፋል? ያን ሳጥን ከአንገቱ ቢያወርድስ ራቱን ከየት ያገኛል?