ስለ ተማሪዋ ክረምት

በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባት ደብዳቤ ጽፈውልናል። ሴት ልጃቸው በኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የሥነ ሕይወት ተማሪ ናት። መምህሯ በክረምቱ ዕረፍት ዐሥር ሳምንት ያህል በሌላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ምርምር እንድትለማመድ «አመልክቺ» ብለዋታል። አባትየውም «መምህር ሆይ፣ ታላቅ ወንድሟ በየክረምቱ በአውሮፕላን ማረፊያ እየሠራ የቤት ኪራይ ያግዘን ነበር። የዕረፍቱም ጊዜ በትምህርት ካለቀ ቤቱን ማን ይደግፋል? ደግሞስ እንደ እኛ ካለ ቤት ለወጣች ልጅ ቤተ ሙከራ ምን ይሠራላታል?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ በዚህ ዐምድ ልንመልስ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

አስቀድመን ስለ ገንዘቡ እንናገር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 ጀምሮ ለዚህ ልምምድ ገንዘብ ይመድባል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዐሥር ያህል ተማሪዎች ይሰበሰቡና እያንዳንዳቸው በአንድ ተመራማሪ ሥር በእውነተኛ ጥናት ላይ ይሠራሉ። በብዙ ቦታ በሳምንት 600 ወይም 700 ዶላር ያህል አበል ይከፈላቸዋል፤ ማደሪያና መጓጓዣም ብዙውን ጊዜ ይታሰብላቸዋል። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው በግሪን ካርድ ማመልከት ይችላልና በዕጣ የገባ ቤተ ሰብ ልጅ ከዚህ አይከለከልም። ይሁን እንጂ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚገኘውን ያህል ለቤት ታመጣለች ብለን አንሸነግልዎትም፤ ትርፍ ሰዓት ሲጨመርበት የወንድሟ ሊበልጥ ይችላል።

አበሉ የታሰበበትም ምክንያት እርስዎ የጻፉት ችግር ነው። ክረምቱን ያለ ደመወዝ በቤተ ሙከራ ለማሳለፍ የሚችለው ቤቱ የሞላለት ልጅ ነው። ጥቁሮች፣ የአገሬው ተወላጆች፣ የድኻ ልጆች፣ ከቤታቸው መጀመሪያ ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎች ግን በሩ መኖሩን እንኳ የሚነግራቸው ብዙ ጊዜ አያገኙም። በሳይንስ ሙያ ቁጥራቸው ያነሰውም በአእምሮ ጕድለት አይደለም።

በዚያው በሜሪላንድ የሆነውን እናስታውስዎት። ፍሪማን ራቦውስኪ የተባሉ የሒሳብ ሊቅ፣ በ1963 የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ በበርሚንግሃም ከተማ ለጥቁሮች መብት ከተሰለፉት ልጆች ጋር ታስረው ነበር። እኚሁ ሰው በ1988 ከማየርሆፍ ባልና ሚስት በተገኘ ስጦታ በባልቲሞር ካውንቲው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተማሪዎች መርሐ ግብር መሠረቱ። በ1989 በ19 ጥቁር ወንዶች ልጆች ተጀመረ፤ በ1990 ሴቶች ተጨመሩ፤ በ1996 ለማንኛውም ወገን ተከፈተ። ኪዝሜኪያ ኮርቤት ከዚህ ወጥታ በ2008 ተመረቀች። ይህች ልጅ ገና በ16 ዓመቷ፣ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ለችግረኛ ቤተ ሰብ ልጆች ባቋቋመው መርሐ ግብር አማካይነት፣ ክረምቷን በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አሳልፋ ነበር። በ2020 በቤቴስዳ ከባርኒ ግራሃም ጋር የሠራችው ሥራ ለሞደርና የኮቪድ ክትባት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

ሁሉም ኮርቤትን ይሆናል አንልም። ልጅዎ መጀመሪያ የምትማረው ጠብታ በትክክል መለካት፣ ዕቃ ማጽዳት፣ የሠሩትን ሁሉ ቀን እየጻፉ በደብተር ማስፈር ነው። ከዚያ ሙከራው ይበላሽባታል፤ ደግማ ትሠራዋለች፤ ዳግመኛም ይበላሻል። በመጽሐፍ ላለው ጥያቄ መልሱ በመጨረሻው ገጽ ታትሟል፤ የቤተ ሙከራው ጥያቄ መልስ ግን በመምህሩም ዘንድ የለም። ይህን ልዩነት በክፍል ውስጥ ማስተማር ምን ያህል እንደሚቸግር በሙያችን እናውቀዋለን። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት የሚዛኑ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ነበረ እንጂ ሚዛኑ አልነበረም፤ የነገሮችን ክብደት እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣው ነበር። ከቤት ርቆ መምህር መፈለግስ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ለመቀመጥ ስንት ወንዝ ይሻገር ነበር!

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ይህ ሁሉ በመንግሥት በጀት የሚንጠለጠል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የ2025ን የክረምት ልምምድ ሰርዘው ነበር። ስለዚህ ልጅቱ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በአምስትና በስድስት ታመልክት። ማመልከቻው በብዙ ቦታ የሚዘጋው በጥርና በየካቲት ነው፤ ሁለት መምህራንም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉላት አስቀድማ ትለምን። ግንቦት ላይ የሚመካከር ቤተ ሰብ ዘግይቷል።

ስለ ቤት ኪራዩ እኛ ልንወስንልዎት አንችልም። ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ተቀምጣችሁ የአንዱን ክረምት ሒሳብ በወረቀት አስፍሩት፤ ከአበሉ ምን ያህል ለቤት መላክ እንደምትችልም ልጅቱ ራሷ ትናገር።

በደብዳቤዎ ግርጌ ስለ ጾሙ የጠየቁንን አልዘነጋንም። ልምምዱ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ በብዙ ቦታ ፍልሰታ ሲገባ ያልቃልና ለሱባዔው ቤቷ ትደርሳለች። የሐዋርያት ጾም ግን በመካከሉ ይውላል፤ ለእርሱ እናቷ ሽሮና በርበሬ ቋጥረው ይስጧት።