የገበያን ቀን የማይጠብቅ መድኃኒት

በሙዱላ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ጉዳዩን ሁሉ ለገበያ ቀን የሚያቆይ ሰው ብዙ ነው። ጨውና ሳሙና ቢቆዩ ጉዳት የለም፤ የአስቸኳይ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ግን ሰዓት ባለፈ ቍጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ይህ መድኃኒት የሚሠራው ዕንቍላል ከዕንቍልጢ የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው፤ የተፀነሰውን አያስወርድም። ስለዚህ 1.5 ሚሊ ግራሙን ወዲያውኑ፥ ቢዘገይም በ72 ሰዓት ውስጥ መዋጥ ይገባል። በ2 ሰዓት ውስጥ ያስታወከች ሴት እንደገና ትውሰድ፤ የወር አበባዋ ከ7 ቀን በላይ የዘገየባትም ትመርመር። ኪኒኑ ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም።

ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን፥ ለሚጥል በሽታም ፌኖባርቢታል የምትወስድ ሴት የኪኒኑ ኃይል ስለሚደክምባት፥ ይህን ለባለሙያው መግለጽ አለባት። ለእርስዋ እስከ 5 ቀን ድረስ በጤና ተቋም ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ይሻላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን በሰው ፊት ጮክ ተብላ የተጠየቀች ልጃገረድ ብትደብቅ፥ በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የእርስዋ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ሻጩ ገለል አድርጎ በዝግታ ይጠይቃት፤ ምሥጢሯንም ይጠብቅላት። ባልና ወላጅም «ገበያ እስኪደርስ ቆዪ» አይበሏት፤ የምታጣው ቀን አይመለስላትምና።