በዛብህን ማን ገደለው?

ሰሞኑን ደግሞ ጀምራችኋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሽፋን ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የተሰበረ ልብ ይደረደራል፣ ከዚያ «እንዲህ ያለ ፍቅር ድሮ ቀረ» ይባላል። አስተያየት መስጫው በእንባ ይሞላል። መጽሐፉን ስለምወደው በየጊዜው ዝም ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ። በዛብህን ማን ገደለው?

«ሽፍቶች» ያላችሁ መጽሐፉን በደንብ አንብባችኋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኙት ሽፍቶች ናቸው። ግን ልጁ መጀመሪያውኑ አዲስ አበባ ምን ወሰደው? ዲማ ላይ ምን አጥፍቶ ነው አገሩን ጥሎ የሸሸው? አልሰረቀ፣ አልገደለ። አስተምር ተብሎ የተሰጠችውን ልጅ አስተማረ፣ ወደዳት፣ ወደደችው። ጥፋቱ የማንኩሳው ገበሬ የቦጋለ መብራቱ ልጅ ሆኖ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ መውደዱ ነው። ሽፍቶቹ የጨረሱትን ሥራ የጀመረው ሌላ ነው። እሱም አንድ ጥያቄ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ።

ይህን መጽሐፍ የፍቅር መጽሐፍ ነው ብለን ማስተማራችን ራሱ መሸሻ ሆኖልናል። ትምህርት ቤት «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» ሲባል «ፍቅር» ብለን ጽፈን ማርክ አግኝተናል። ፍቅሩ ማር ነው፣ መድኃኒቱ እንዲዋጥ የተቀባ ማር። እኛ ማሩን ልሰን መድኃኒቱን ተፋነው።

እስቲ ፊታውራሪ መሸሻን አስቧቸው። ሁላችንም እንስቅባቸዋለን፤ ሐዲስ ዓለማየሁ እንድንስቅ አድርገው ነው የሣሏቸው። ጉረኛ ናቸው፣ ባላገሩ ላይ መዋጮ ይጭናሉ፣ እምቢ ሲባሉ ሊዘምቱ ወጥተው በገዛ ገበሬያቸው እጅ ይወድቃሉ። ያን ሁሉ አንብበን ስንስቅ ግን አንድ ነገር ያመልጠናል። ፊታውራሪ ክፉ አባት አይደሉም። ልጃቸውን ይወዳሉ። ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ሁሉ «አይመጥናትም» እያሉ የሚመልሱት እየጠሏት አይደለም። ክብሯን የጠበቁ፣ ዘሯን ያስከበሩ እየመሰላቸው ነው። ልጅቱ ለእሷ የሚመጥን አጥንት ሲፈለግላት ዕድሜዋ አለፈ። አንድን ሰው በፍቅር ስም እንዲህ ቀስ አድርጎ መቅበር ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። ጨካኝ ሰው በቀላሉ ይታወቃል፤ በየቤታችን ያለው ግን ልጁን የሚወድ ፊታውራሪ ነው።

ከዚያ ደግሞ ካሣ ዳምጤ አለ። ለራሱ ለፊታውራሪ ዘመድ ነው፤ እሳቸው የሚኮሩበት ዘር እሱም ጋ አለ። እሱ ግን የተቀመጠበትን ወንበር ራሱን ጠየቀ። ሰው ሁሉ እኩል ከሆነ ይህ ሁሉ ደረጃ ከየት መጣ አለ። ማንም ተከራክሮ አልረታውም። አልገደሉትም። «ጉዱ» አሉት፣ በቃ። ጉዱ ካሣ! እብድ ነው ከተባለ በኋላ የተናገረው ሁሉ ቀልድ ሆነ። ይህን ዘዴ ዛሬም እናውቀዋለን አይደል? በቤተሰብ ስብሰባ መሐል «አጥንት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ምን እንደሚባል አስታውሱ። «ፈረንጅ ሆነ»፣ «መጽሐፍ አሳበደው»፣ «ተወው፣ ልጅ ነው»።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልምጣ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ጓደኛዬ ሽማግሌ ላከ። እኔም ለቁጥር ማሟያ ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ተከትዬ ሄድኩ። ልጁና ልጅቱ ሁለቱም ወላጆቻቸው ከጎጃም ናቸው፣ ሁለቱም ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የያዙ። አራት ዓመት ተዋውቀዋል። ይህን የምዘረዝረው በኋላ «በብሔር ይሆናል»፣ «በሃይማኖት ይሆናል» እንዳትሉኝ ነው። በምንም አይለያዩም።

ቤቱ በጥሩ ሁኔታ ተቀበለን። የልጅቱ አጎት ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። መደርደሪያቸው ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ፤ ሽፋኑ ለቅቆ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ የተነበበ መጽሐፍ መሆኑ ያስታውቃል። ዓይኔ እዚያ እንዳረፈ አይተው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈር ሙሉ አንድ ሬዲዮ ከብቦ እንዴት ያለቅስ እንደነበረ አጫወቱን። የወጋየሁን ድምፅ ራሱን አስመሰሉት። ቡና ተፈላ። እስከ ሦስተኛው ጠጣን። ከዚያ «የልጁ ወገን ከየት ከየት ነው?» ተባለ፤ የእኛ ትልቅ ሰው የአባቱን፣ የአያቱን ስምና አገር ተናገሩ። «እንግዲህ እኛም እንጠይቅ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን» ተባልን።

ጠየቁ። ሦስት ሳምንት ጠየቁ። መልሱ በስልክ መጣ፤ «ልጅቱ ትምህርቷን ልትቀጥል ነው።» እውነተኛውን ምክንያት በኋላ የሰማነው ከራሷ ነው። የጓደኛዬ የአባቱ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እሱ አይቷቸው እንኳን አያውቅም፤ ሳይወለድ ነው ያረፉት።

ልብ በሉ፤ ያን ቀን ቡናውን የጠጣነው ከጀበና ነው። እንጀራው የተጋገረው በምጣድ ነው። በሸክላው እየበሉ እየጠጡ ሸክላውን የሠራችውን እጅ «ቡዳ» ይሉታል። ማረሻውን የሠራውን ቀጥቃጭ፣ የበዓል ጥበባችንን የሠራውን ሸማኔ፣ ቆዳውን ያለፋውን ፋቂ እንዲሁ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሠራው ሰው ግን በብዙ ቦታ የሚያርስበት ርስት አልነበረውም። መሬት የሌለውን ሰው በእጁ ሙያ እንዲያድር አድርገህ ስታበቃ ሙያውን ነውር ማድረግ፣ ከዚያ ነውሩን የደም አድርጎ ለልጅ ልጅ ማውረስ፤ ይህ እምነት ሳይሆን ሒሳብ ነው። የሚጠቅመው ወገን ነበረው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ንጉሡን የፈራ ምላስ ሳሎን ውስጥ ሲገባ ንጉሥ የለበትም።

«የለም፣ ዘር መቁጠር የአባቶች ሥርዓት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን ሥርዓቱ ለምን እንደተሠራ ረስታችሁታል። ሰባት ትውልድ የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ማለትም የምትጠይቀው «ይህ ሰው ወገኔ ይሆን?» ብለህ ነው፤ ከሆነ አትጋባም። እኛ ገለበጥነው። «ወገኔ ነው ወይ?» እንላለን፤ ካልሆነ አንሰጥም። መቀራረብን ለመከልከል የተሠራ ቆጠራ መራራቅን ለመጠበቅ ዋለ።

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። «ጨዋ ልጅ» ስንል ዛሬ ሥርዓት ያለው፣ ትሑት ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ባሪያ ያልሆነ፣ ነፃ ትውልድ ማለትም ነበር። ጠባይና ትውልድ በአንድ ቃል ውስጥ ተጋግረዋል። ሽማግሌ ተቀምጦ «ጨዋ ቤተሰብ ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ የትኛውን እንደሚጠይቅ እሱም እናንተም ታውቃላችሁ።

ይህ በሽታ አገር ቢቀየርም አይለቅም። ቤተ እስራኤላውያንን ተመልከቱ። ጎንደር ላይ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ሲኖሩ ቡዳ ተብለዋል። እስራኤል ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ታወቀና ኢየሩሳሌም ላይ በሺዎች ወጥተው ጮኹ። ደማቸው የተደፋባቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ለጋብቻ ሲሆን «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚለው የአገር ቤቱ ልዩነት አብሮ ተሻግሮ ኖሯል። ይህን የምለው እነሱን ለማሳጣት አይደለም። መበደል ብቻውን ከመበደል እንደማያድን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው።

«ይሄ የፊውዳል ዘመን ታሪክ ነው፣ አልፏል» የሚለውም መልስ ይሰለቸኛል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ አብዮቱ መጣ፤ በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ የፊታውራሪን መሬት ወሰደው። ማዕረጉም ቀረ። መሬታቸውንና ማዕረጋቸውን የወሰደው መንግሥት ጥያቄያቸውን ግን አልወሰደባቸውም። ጥያቄው ቤት ቀይሮ ከድሃውም ከሀብታሙም ሳሎን ገባ። እንዲያውም ፊታውራሪ ቢያንስ በአደባባይ ይናገሩት ነበር። እኛ «ትምህርቷን ልትቀጥል ነው» እንላለን።

ደግሞ «ሰው በብሔሩ በሚገደልበት ዘመን ስለ ሸክላ ሠሪ ታወራለህ?» የሚል ይመጣል። አዎ አወራለሁ፣ ጥያቄው አንድ ስለሆነ። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ብሔር የሚል መስመር ሲገባ ብዙዎቻችን ተቆጣን፤ ልክ ነበርን። ግን ያ መስመር ከመጻፉ በፊት በየቤቱ በቃል ይጠየቅ ነበር። ሰውን በሠራው ሳይሆን በተወለደበት መመዘን ለጋብቻ ሲሆን ባህል፣ መንገድ ላይ ታፔላ አቁሞ ሲያጣራ ወንጀል የምንለው በምን ሚዛን ነው? ሚዛኑን የለመድነው እዚያው ምሳ ከበላንበት ሳሎን ነው።

ስለ መጽሐፉ አንድ የሚከነክነኝን ጨምሬ ላብቃ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከውጭ ሆነው ድንጋይ የሚወረውሩ ሰው አልነበሩም፤ በዚያው መንግሥት ውስጥ ሚኒስትርም አምባሳደርም የነበሩ ናቸው፤ እዚያ ሆነው ይህን መጻፋቸው ድፍረት ነው። ሆኖም በዛብህን ስንወደው ብዙ አልተቸገርንም። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ቅኔ የተማረ፣ ልበ ንጹሕ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይጠላል? እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ትምህርቱን አንሱበት። ቅኔውን አንሱበት። የገበሬ ልጅ መሆኑን ትታችሁ የሸክላ ሠሪ ልጅ አድርጉት። ከዚያ መጽሐፉን እንደገና አንብቡና እንባችሁ የት ላይ እንደሚያቆም እዩ። እኔ ራሴን ሞክሬያለሁ። ያን ቀን በሽማግሌነት ሄጄ የአያቱ ስም ሲጠራ፣ የአባቱ እናት ሥራ እንዳይነሳ በልቤ እየጸለይኩ ነበር። ጓደኛዬ የሚያፍርበት ነገር ያለው ይመስል። ስለዚህ ፊታውራሪን የማውቃቸው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ጓደኛዬ ከአገር ወጥቷል። ልጅቱን አልፎ አልፎ አገኛታለሁ፤ ስለዚያ አናወራም።

ባለፈው ሳምንት ያን የመጽሐፍ ሽፋን ከተሰበረ ልብ ጋር ያጋሩት እኚያው አጎት ናቸው። «በዘር የተገፋ ንጹሕ ፍቅር» ብለው ጽፈውበታል። አላስቻለኝም፤ በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ለሽማግሌነት የመጣነውን ያስታውሱናል?» አልኩ። ማንበባቸውን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልሱ የመጣው ማታ ነው።

«አስታውሳለሁ ልጄ። ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው።»